እንጨት የሌለው ምስማር

አባቴን ለፖሊስ አሳልፋ የሰጠችው እናቴ ናት ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩ። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ ጉልበቷን በቅባት እያሸሁላት፣ ልጄን እያሳደገችልኝ፣ ይህን ነገር ከሆዴ አውጥቼው አላውቅም። እሷም አንድ ቀን አላስተባበለችም።

እኔ ክፉ ክፉውን የማስብ ሰው ነኝ። ልጄ ኢያቄም ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየ እግሬ ቤት ውስጥ አይቆምም። ጀሞ ታክሲ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ፌስታል ካየሁ ከፍዬም ቢሆን እወርዳለሁ። ባለቤቴ አስረስ "አንቺ እኮ የጎረቤት ጭስ አይተሽ የራስሽ ምድጃ ላይ ውኃ የምትደፊ ሴት ነሽ" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ እኛ ሰፈር አላደገም።

ሰፈራችን ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ ሲወረድ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ስሙ "ድንጋዩ ጋ" ነው። መሐሉ ላይ ግማሽ ድረስ ኖራ የተቀባ የወሰን ድንጋይ ስለቆመ ነው እንዲህ የተባለው። ቤቶቹ ሁሉ ጨረቃ ቤት ናቸው፤ ማታ ተሠርተው ጠዋት ሰው የሚገኝባቸው። ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የከተማው ነው ይባላል፣ ከድንጋዩ ወዲያ ያለው የወዲያኛው አስተዳደር። ከተማው ግን "እናንተ የወዲያኞቹ ናችሁ" ይለናል፤ የወዲያኞቹም "እናንተ የከተማው ናችሁ" ይሉናል። አባቴ አባይነህ ግንበኛ ነበር፤ ከወላይታ መጥቶ ጀሞ ላይ የኮንዶሚኒየም መሠረት ሲያወጣ ውሎ፣ ማታ ማንም ወደማያውቀው ቤታችን ይመለሳል።

ለእኛ ለልጆች ግን ያ ድንጋይ መጫወቻ ነበር። አንድ እግራችንን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገን እንቆማለን። አንዱ ልጅ ፖሊስ ይሆናል። ከወዲህ ሲመጣብን ወደ ወዲያ እንዘላለን፣ ከወዲያ ሲመጣ ወደ ወዲህ። ፖሊሱ ድንጋዩን ማለፍ አይችልም። ይህን ሕግ ያወጣነው እኛ አይደለንም። የጓደኛዬ የሮበሌ አባት፣ ኦቦ ዲንሳ፣ ላም ተሰረቀችባቸው። የከተማው ፖሊስ እስከ ድንጋዩ መጣና "ዱካዋ ወደዚያ ነው የሚሄደው" ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ የወዲያኛው መጣና "የተሰረቀችው ከዚያ ነው" ብሎ ተመለሰ። ላሟ ግን አልተመለሰችም።

ሲራክን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ዘጠና ዘጠኝ፣ ወሩ ሰኔ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። አንድ ሻንጣ ይዞ መጥቶ የእትዬ ማሚቴን የኋላ ክፍሎች ተከራይቶ ነበር። ከሰል ሻጯ እትዬ ማሚቴ "ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ሰው ነው ያገኘሁት! የእናንተ ባሎች በጭቃቸው አልጋ ላይ ይወጣሉ" እያለች ለሴቶቹ ታወራለች። እሱ ስንጫወት ቆሞ አየንና እንደ እኛ ቁጢጥ አለ።

"ፖሊሱ ለምንድነው የማያልፈው?"

"አይፈቀድለትማ!" አለ ሮበሌ።

"እውነተኛውስ ፖሊስ?"

"እሱማ ጭራሽ አይመጣም!" አልኩ እኔ፣ በኩራት። ከዚያ አፌን ማን ይያዘው? ስለ ላሟ ነገርኩት። ቤታችን ቁጥር እንደሌለው፣ መብራት በሽቦ ከጎረቤታችን ከእነ ቃለሕይወት ቤት እንደምንጎትት፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መኪና እንደማይገባ፣ ማንም መጥቶ ስማችሁ ማነው ብሎን እንደማያውቅ፣ ሁሉንም።

ከት ብሎ ሳቀ። "ጥሩ ሰፈር ነው" አለ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ለሁላችንም እኩል አካፈለን።

ትልቅ ሰው ሰፈራችንን ጥሩ ነው ሲል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አረጋሽ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "ምኑ ነው ጥሩው?" አለች። ከረሜላዬን አሳየኋት። ምኑ እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ።

በሐምሌ አያቴ ሞተች። የአባቴ እናት፤ ለሕክምና ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ተኝታ ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ሩቅ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል። ሬሳውን እስከ መኪናው በትከሻ ማሻገር የግድ ነበር። ዝናቡ ያስፈራቸው ሰዎች ከጣሪያ ሥር ቆመው ወንዙን ሲያዩ፣ ሲራክ ሱሪውን ሰብስቦ የሳጥኑን የፊት ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ውኃው እስከ ወገቡ ደረሰ። እሱን አይተው ሌሎቹም ገቡ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ጉድጓዱ ውኃ ይዞ ነበር። አባቴ ያንን አይቶ ፊቱን አዞረ። ሲራክ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፣ በጣሳ ውኃውን ቀዳ፣ ቀዳ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ አያቴን ተቀበላት። ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚቀበል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ድንጋዩ ጋ መንግሥት የለንም እንጂ ዕድር አለን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ኦሮሞውም ወላይታውም አንድ ዕድር ነው፤ ኦቦ ዲንሳ ዳኛው፣ አባቴ ጸሐፊው። ላምህ ብትሰረቅ የሚደርስልህ የለም፤ ከሞትክ ግን አርባ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ሰውን የምናውቀው በለቅሶ ነው። ከየት መጣህ አይባልም። ቀበርክ ወይ? ቀበርኩ። በቃ፣ የሰፈር ሰው ነህ።

እናቴ ግን በለቅሶው ድንኳን ንፍሮ ስታዞር አንድ ነገር ጠየቀችው።

"የአንተስ እናት፣ ወንድሜ? በሕይወት አለች?"

"ሞታለች" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ልጅ ሆኜ ነው የሞተችው።"

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አለች እናቴና አለፈች። እኔ አጠገቧ ኩባያ ይዤ ነበር። ሦስተኛ ቀን ላይ እትዬ ማሚቴ ሽንኩርት እየከተፈች "አይ ሲራክ! ለእናቱ መድኃኒት ልኮ እንኳ ደረሰ አልደረሰ ብሎ እንቅልፍ የለውም" አለች። የእናቴ ቢላዋ ቆመ። እኔ የገረመኝ የቢላዋው መቆም ብቻ ነበር። ጣቷን የቆረጠች መስሎኝ አየሁ፤ ደም የለም።

ከለቅሶው በኋላ የዕድሩ ዕቃ ነገር ተነሣ። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ብረት ድስቶቹ ተቀምጠው የነበሩት እነ ቃለሕይወት ቤት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። ሲራክ በስብሰባው መጨረሻ እጁን አወጣ። "የእኔ የኋላ ክፍል ባዶ ነው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ።" ኦቦ ዲንሳ ቆመው መረቁት። "የዕድሩን ቤት እስክንሠራ ድረስ እንግዲህ ቤታችን አንተ ነህ" አሉት። የዕድር ቤት መሥራት የሰፈሩ የዓመታት ወሬ ነበር። በየስብሰባው ይነሣል፣ ይታቀዳል፣ ይተዋል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እናቴ የዕድሩን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከሲራክ ቤት አምጪ ብላ ላከችኝ። ሲራክ በር ላይ ከአንድ ከማላውቀው ሰው ጋር ዝግ ብሎ ይነጋገራል። በጎኑ ሾልኬ ገባሁ። ክፍሉ እርጥብ ሸራ ይሸታል። ማንቆርቆሪያው ከድንኳኑ ጥቅል ጀርባ ነው፤ ከሱም ጀርባ ካርቶኖች ተደርድረዋል። የአንዱን ክዳን ገለጥኩ። ምስማር። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም አጭር፣ ሁሉም አንድ ቁጥር። ሁለተኛውንም ገለጥኩ፣ ምስማር። ካርቶኖቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት።

እኔ የግንበኛ ልጅ ነኝ። ምስማር ለቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ለቤት ደግሞ ረጅምም አጭርም፣ የቆርቆሮም እንደሚያስፈልግ፣ መጀመሪያም እንጨቱ እንደሚመጣ አባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ። እዚያ አንድ አጣና የለም። ገና አልገዛም ማለት ነው፣ አልኩ። ዘወር ስል ሲራክ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን ከብርሃኑ የተነሣ አላየሁትም።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

"ማንቆርቆሪያ። ጋሽ ሲራክ፣ ይሄ ምስማር... የዕድሩን ቤት ልትሠራልን ነው አይደል?"

ካርቶኖቹን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና ድሮ የማውቀው ድምፁ መጣ።

"ጎበዝ ልጅ ነሽ አንቺ። እንዴት አወቅሽብኝ? እስኪያልቅ ግን የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው። እሺ?"

እሺ አልኩ። ማንቆርቆሪያውን ተሸክሜ ስመለስ ክብደቱ አልተሰማኝም። ሰፈሩ ሁሉ የማያውቀውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መዋሸት እንኳ አላስቸገርኩትም፤ ውሸቱን ሠርቼ እጁ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔው ነኝ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ሲራክ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ለኖረ፣ ቤት ቁጥር ላለው ሰው ነው። ድንጋዩ ጋ ቤት ቁጥር የለም። ስለዚህ የዕድር ደብዳቤ ነበር የሚቀርበው፤ "ይህ ሰው አባላችን ነው፣ ሁለት ዓመት አብሮን ኖሯል" የሚል፣ ክብ ማህተም ያለበት። በሰፈራችን መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ ያገኘው በዚያ ማህተም ነው። ማህተሙ በአሮጌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አልጋችን ሥር ይቀመጣል።

እራት በልተን ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ፤ የተኛሁ መስሏቸዋል።

"የነበረውን መታወቂያ አሳየኝ ብለኸዋል?" አለች እናቴ።

"አረጋሽ፣ እናቴን ጉድጓድ ወርዶ የተቀበለልኝን ሰው መታወቂያ አሳየኝ ልበለው? በምን አፌ?"

"ለእኔ እናቴ ሞታለች ብሎኛል። ለማሚቴ መድኃኒት ላኩላት ብሏታል። ሰው በገንዘብ ይዋሻል፣ በሚስት ይዋሻል። በእናቱ ሞት ይዋሻል?"

"ማሚቴ ደግሞ መቼ የሰማችውን አስተካክላ አውርታ ታውቃለች?"

"እሺ፣ ሁለት ዓመት ኖሯል ብለህ ልትጽፍ ነው? አንተ? እሁድ እሁድ ጉባኤ ፊት ቆመህ የምትጸልየው ሰውዬ?"

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኛስ በምን አገኘን? በመጣን በአራተኛው ወር ዲንሳ ሁለት ዓመት ብሎ አይደል የጻፈልን? ያኔ ውሸት ነው አላልሽም።"

እናቴ ሳህኖቹን ስታነሣ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ የሻይ ቆርቆሮው ተከፈተ፤ ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አለ።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እናቴን ጠላኋት። ቤት ሊሠራልን የመጣን ሰው! መናገር አማረኝ፤ ግን ቃል ገብቻለሁ።

ጳጉሜ ሁለት ቀን እናቴ ቀስቅሳ አለበሰችኝ። "የት ነው?" ስላት "ጫማ ልገዛልሽ" አለች። ከተማው ሚሊኒየሙን ሊቀበል ነበር፤ አስፋልቱ ዳር ዛፎቹ ላይ ባለ ቀለም አምፖል ይሰቀላል፣ አደባባዩ ላይ መድረክ ይሠራል፣ ከየሱቁ ዘፈን ይጮኻል። እኔ ግን የማየው የሰዎችን እግር ነው። ጫማ ቤቶችን አለፍናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መጀመሪያ የገባነው የከተማው ቀበሌ ነው። ሹራብ የለበሰ ሰው ሳንድዊች እየበላ ነበር።

"የምትይው ሰውዬ የቤት ቁጥሩ ስንት ነው?"

"ቁጥር የለውም። ድንጋዩ ጋ ነው።"

"እህቴ፣ ቁጥር የሌለው ቤት እኛ ጋ የለም።"

"ሰዎቹ ግን አሉ እኮ፣ ወንድሜ።"

"የምንመዘግበው ቤት ነው። ቤቱ ከሌለ ሰውዬው የት ይኖራል?" ብሎ አጠገቡ ላለው ሠራተኛ ጠቀሰው። ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ወደ ወዲያኛው ቀበሌ ተመልሰን ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። እዚያ ያለው ደግሞ መታወቂያዋን አገላብጦ አየና "ይሄ የከተማ ነው። ለከተማው ንገሪ" አላት። እሱ እንኳ አልሳቀም፤ ደክሞታል። "አዝናለሁ፣ እናቴ፤ በዚያ ሰፈር ጉዳይ ደብዳቤ ስንጽፍ ስንት ዓመታችን መሰለሽ?" አለ።

እግሬ ቆሰለ። "ጫማውስ?" አልኩ። "ዝም በይ" አለችኝ፤ ግን እጄን አጥብቃ ያዘችው።

ፖሊስ ጣቢያው አስፋልቱ ዳር ነበር። በረንዳው ላይ ሦስት ፖሊሶች ቆመዋል፤ አንድ ሽበታም፣ ያለ መለዮ፣ ሻይ ይጠጣል።

"ምን አደረገ ሰውዬው?" አለ አንዱ።

"ምንም አላደረገም።"

"ሰረቀ? ሰደበ? ደበደበ?"

"አይ። ስለ እናቱ ይዋሻል።"

ያኔ የሳቁትን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። "በዚህማ ከሆነ እኔንም እሰሪኝ!" አለ አንዱ። "ሚሊኒየም ደርሶብን ሥራችን በዝቷል፣ የቤታችሁን ጠብ ራሳችሁ ጨርሱ።" እናቴ ቆማ ቀረች። አፈርኩባት። እሷን ሳይሆን እኔን ያዋረዱኝ መሰለኝ፣ ሲራክም አሳዘነኝ፤ እጇን መንጭቄ ተላቀቅኩና እያለቀስኩ ጮህኩባቸው። ጥሩ ሰው ነው፣ አያቴን ቀብሯታል፣ እያልኩ ተከላከልኩለት። ሌላም ብዙ አልኩ። ምን ምን እንዳልኩ ከዚያ በኋላ ለማስታወስ ሞክሬ አላውቅም።

የማስታውሰው ሽበታሙን ሰው ነው። ሻዩን አስቀመጠ። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ በእጁ እንባዬን ጠረገልኝ፣ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፣ ቀዝቃዛ ሚሪንዳ አስከፈተልኝ። እናቴን ውስጥ አስገቧት። በሩ ተዘጋ። ሚሪንዳው አልቆ፣ ጠርሙሱን በገለባ ስነፋበት ቆይቼ ነው የወጣችው። ፊቷ ዓመድ መስሎ ነበር።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመች። ትከሻዬን ያዘች።

"ትሕትና፣ ስሚኝ። ለፖሊስ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አባትሽም ቢጠይቅሽ፣ ማንም ቢጠይቅሽ፣ እናቴ ናት በይ። ሰማሽ?"

ሰማሁ። አላፈረችም እንኳ፣ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ። የኦቦ ዲንሳ ላም ስትሰረቅ ድንጋዩን ያላለፉት፣ ከድንጋዩ ወዲህም ከወዲያም በአንድ ጊዜ መጡ፤ ውሻ ይዘው፣ ድንጋዩን እየረገጡ። ሮበሌ አጥሩ ላይ ሆኖ "አለፉ! አለፉ!" ብሎ የጮኸው ትዝ ይለኛል። የእትዬ ማሚቴን የኋላ በር ሰበሩት። ሲራክ አልነበረም፤ ፍራሹ ብቻ። ድንኳናችንን አወጡት፣ ብረት ድስቶቹን፣ አግዳሚዎቹን፣ ከዚያ ካርቶኖቹን። ከዚያ የቀረውን ለማውጣት ሁላችንንም ወደ ወንዙ አስወረዱን። አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ ሲገባ ከሩቅ አየሁ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ለምስማር ነው? ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ለየትኛው አደባባይ፣ ለየትኛው ሕዝብ እንደታሰበ ማንም አልነገረን። ምስማሩ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ በዜና በሌላ አገር ስለፈነዳ ምስማር የተሞላ ቦምብ ሲናገሩ ሰምቼ ነው። ያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ አልገባ አለኝ። ስንት ልጅ ከረሜላ እየበላ እዚያ መድረክ ሥር ይቆም እንደነበር እየቆጠርኩ ሄድኩ።

ማህተም የመታው አባቴ ነበርና አባቴን ወሰዱት። እትዬ ማሚቴንም፣ ኦቦ ዲንሳንም። አባቴ እጁ ታስሮ ዘወር አለና "ማነው የጠቆመው?" አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም። እኔ ግን ጣቴን ቀሰርኩ።

"እማዬ ናት! እማዬ ናት የተናገረችው!"

ሰፈሩ ሁሉ እናቴን አየ። አባቴ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሷን ብዙ አያት፤ ከዚያ ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። ጉድ ሠራሽኝ ያላት መሰለኝ።

ማሚቴ በወሯ፣ ኦቦ ዲንሳ በሦስተኛ ወራቸው ወጡ። አባቴ አሥራ አንድ ወር ቆየ። በእነዚያ ወራት ሴቶቹ እናቴን አያናግሯትም ነበር፤ ከዕድሩ ተሰረዘች። እኔም አብሬ ነበርኩ ከማያናግሯት። አባቴ ሲመለስ ፀጉሩ ነጥቷል። ከዚያ በኋላ በምንም ወረቀት ላይ ፈርሞ አያውቅም። ሠርጌ ላይ ምስክር ሁነኝ ስለው እጁን ኪሱ ከተተ። "የእኔ ፊርማ ለጠላትሽም አይሁን" አለ። እናቴን ግን አልፈታትም፣ ክፉ ቃልም ሲናገራት አልሰማሁም። ይህን መንፈሳዊነቱ ነው እል ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመቱ።

ሲራክ አልተያዘም። ወይም ተይዞ እኛ አልሰማንም። አባቴ ሁለት ዓመት ኖሯል ብሎ ያሰጠውን መታወቂያ ይዞ ሄደ። የሆነ ቦታ ማንም ስሙን የማይጠይቅበት ሌላ ሰፈር ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ማታ በሩን ሦስቴ የማየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚህ ዓመት ልመለስ። ኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት እፀገነት የምትባል ልጅ ሕፃን አዝላ መጥታ ተከራየች። መታወቂያዋ ከቤቷ ጋር ተቃጥሏል። ወረዳው ሦስት ምስክር አምጪ አላት። ሁለት አገኘች። ሦስተኛ እንድሆናት ወደ እኔ መጣች፤ እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ነኝ።

"ከየት ነው የመጣሽው?" አልኳት በሩን በግማሽ ከፍቼ። አገሯን ነገረችኝ።

"እናትሽስ?"

"መንገድ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ወሰዷት። ታጣቂዎች። እኛ ጋ መንገዱ የማንም አይደለም፤ ቀን አንዱ ነው፣ ማታ ሌላው። ከዚያ ወዲህ አላውቅም፣ እህት ትሕትና።"

እጄ በሩን ዘጋው። በቀጣዩ ሳምንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ እንደ ረሳሁ ሆኜ እንደገና ጠየቅኳት። ቃሉም ቅደም ተከተሉም ያው ነበር፤ አውቶቡሱ ጋ ስትደርስ ብቻ ድምጿ ተሰበረ። ያም ሆኖ አልፈርምም አልኩ። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ወረደች፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ወደ እኔ ያይ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ ዱላዋን ይዛ በሩ ጋ ቆመች። አራት ፎቅ መውረድ ከተወች ዓመት አልፏታል።

"የት ነው እማ?"

"ወረዳ። ለዚያች ልጅ ልመሰክርላት።"

አሥራ ስምንት ዓመት የያዝኩት ወጣ። "አንቺ? ሰው በፊርማ ምን እንደሚሆን አባቴን አላየሽም? ሄደሽ አሳልፈሽ ስትሰጪው ያልራራሽ፣ ዛሬ ለማታውቂያት ትራሪያለሽ?"

እናቴ ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ተቀመጠች። ኢያቄም ሥዕሉን ትቶ ያየናል።

"ኢያቄም፣ የእኔ ጌታ፣ ሂድ ቴሌቪዥን እይ" አለችው። እስኪሄድ ጠበቀች። "አባትሽ እስኪሞት ልጠብቅ ብዬ ነበር። ሞተ። ከዚያም አፌ አልከፈት አለኝ።"

"ምኑ?"

"እኔ ምን ይዤ ነው የምናገረው፣ ትሕትና? ስለ እናቱ ዋሸ ከማለት በቀር ምን ነበረኝ? ስቀውብኝ ልመለስ ነበር። አንቺ ነሽ የጮኽሽው። 'ጥሩ ሰው ነው፤ የዕድራችንን ቤት ሊሠራልን አሥራ ሰባት ካርቶን ምስማር ገዝቷል' አልሽ። ሽበታሙ ሰውዬ 'እንጨትስ ገዝቷል?' አለሽ። 'እንጨት የለውም፣ ገና ነው' አልሽው።"

አግዳሚው መጣ። ሚሪንዳው መጣ። የገለባው ድምፅ። ሰውዬው እንባዬን እየጠረገ የጠየቀኝ ጥያቄ፣ ረጋ ያለው፣ "እንጨትስ፣ የኔ ልጅ?"

"'አባቴ ደብዳቤ ጽፎለታል' ማለትሽንም ሰምተው፣ ስለ እሱ ሊጠይቁኝ ነው ውስጥ ያስገቡኝ። አባትሽ እንደሚታሰር ያኔ ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቴን አሳሰርኩ ብላ ማደግ ትችላለች? እኔ ትልቅ ነኝ፤ እችለዋለሁ አልኩ።"

"አባዬስ? እሱ..."

"ጣትሽን ስትቀስሪ ገብቶታል። እኔ ስለ ምስማር እንደማላውቅ ያውቃል። ራሱን የነቀነቀልኝ እኮ 'ይሁን፣ እንደዚያው በይ' ብሎ ነው።"

ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። እጇ እንደ ድሮው ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"ፊርማው አይደለም የገደለን" አለች ጭንቅላቴ ላይ ሆና። "ሁለት ዓመት ማለቱ ነው። ደግሞ የምንጠይቅበት በር ማጣታችን። ሦስት ቦታ ነው ያን ቀን የሄድኩት። አንዱ 'ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ንገሪኝ' ብሎኝ ቢሆን አንቺ ባልጮህሽ። ይቺ ልጅ ደግሞ በሩን እያንኳኳች ነው። የሚደበቅ ሰው ያንኳኳል?"

አብረን ወረድን፤ አራት ፎቅ፣ በየፎቁ እያረፍን። እፀገነት ሕፃኑን አዝላ ከኋላ ተከተለችን።

ወረዳው ውስጥ ያለው ልጅ ፎርሙን አቀበለኝ። ስሜን ጻፍኩ። የቤት ቁጥሬን ጻፍኩ። "ምስክር የምትሆኚለትን ሰው ለምን ያህል ጊዜ ታውቂዋለሽ" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

"ሁለት ዓመት በይ፣ እህት" አለኝ ልጁ፣ ቀና ሳይል። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞላው። አለዚያ ላይ ቤት ይመልሱታል።"

"ከመለሱት ደግሜ እመጣለሁ" አልኩ። "ስለ እሷ የምትጠይቀኝ ነገር ካለ ጠይቀኝ። ሁሉንም ጠይቀኝ። ተቀምጫለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ የእናቴ ዱላ ሲሚንቶው ላይ ሲቆም ሰማሁ፤ እጇ መጥቶ የግራ እጄን ያዘ፣ እዚያ በረንዳ ላይ ሳልመነጭቀው በፊት እንደያዘችው፣ አጥብቃ። በቀኝ እጄ "ሦስት ወር" ብዬ ጻፍኩ።